ስፔክትሮስኮፒን ተጠቅሞ የተደበቀ ጓደኛ ኮከብ መፈለግ፦ ከዝግጅት እስከ ማረጋገጫ

ብዙ ሰው ጥሩ ቴሌስኮፕና ስፔክትሮግራፍ (የኮከብን ብርሃን በቀለሞቹ የሚዘረጋ መሣሪያ) ይዞ ይጀምራል። ሁለት ሦስት ሌሊት ይለካል። በተዘረጋው ብርሃን፣ ማለትም በስፔክትረሙ፣ ላይ ያለ መስመር ቦታውን ሲቀይር ያይና ጓደኛ ኮከብ ያገኘ ይመስለዋል። በኋላ ሲጣራ የተንቀሳቀሰው መሣሪያው ሆኖ ይገኛል። ሌላው ደግሞ እውነተኛ ጥንድ ኮከብ እየለካ ሳያውቀው ያልፈዋል። የሁለቱም ችግር አንድ ነው፤ የመለኪያው ዜሮ የት እንዳለ ሳያረጋግጡ ወደ ውጤት መሮጥ። ስለዚህ ይህ መመሪያ ከግኝቱ ይልቅ ልኬቱ ላይ ብዙ ይቆያል።

እዚህ "ቅርብ ጓደኛ" የምንለው በየትኛውም ተራ ቴሌስኮፕ ለብቻው የማይታይ፣ ከዋናው ኮከብ ጋር እንደ አንድ ነጥብ የሚያበራ ኮከብ ነው። በባለብዙ ኮከብ ሥርዓቶች ውስጥ እንዲህ ያለው ጓደኛ በጣም የተለመደ ነው። ፍለጋውም ድካሙን በእውነት ይክሳል።

## ከመጀመራችሁ በፊት፦ መሣሪያችሁ ምን ማየት እንደሚችል አስሉ

ኮከብ ወደ እኛ ሲመጣ መስመሮቹ ወደ ሰማያዊ፣ ከእኛ ሲርቅ ወደ ቀይ ይሸጋሸጋሉ። ሽግሽጉን ለሞገድ ርዝመቱ አካፍሉና በብርሃን ፍጥነት አባዙት። የምታገኙት የኮከቡ ራዲያል ፍጥነት ነው።

ቁጥሮቹ ትንንሽ ናቸው። ሃይድሮጂን አልፋ የሚባለው መስመር ላይ፣ ማለትም 6563 አንግስትሮም (የሞገድ ርዝመት መለኪያ) አካባቢ፣ በሰከንድ 1 ኪ.ሜ ፍጥነት መስመሩን የሚያንቀሳቅሰው 0.022 አንግስትሮም ብቻ ነው። በሰከንድ 100 ኪ.ሜ ደግሞ 2.2 አንግስትሮም ያህል።

አሁን የስፔክትሮግራፋችሁን ሬዞሉሽን፣ ማለትም የመለየት አቅሙን፣ ተመልከቱ። የብርሃንን ፍጥነት ለሬዞሉሽኑ ስታካፍሉ መሣሪያው ለይቶ የሚያሳየው ትንሹ የፍጥነት ልዩነት ይወጣል።

- ሬዞሉሽን 100፦ በሰከንድ 3,000 ኪ.ሜ። ለዚህ ሥራ አይሆንም።
- ሬዞሉሽን 600፦ በሰከንድ 500 ኪ.ሜ። ይህም አይሆንም።
- ሬዞሉሽን 15,000፦ በሰከንድ 20 ኪ.ሜ። ከዚህ መጀመር ይቻላል።

ሁለት ነገሮችን አታምታቱ። የአንድን መስመር መሃል ከሬዞሉሽኑ አንድ አስረኛ በሚደርስ ጥራት መለካት ይቻላል። ሁለት የተጠጋጉ መስመሮችን ለያይቶ ማየት ግን ቢያንስ አንድ ሙሉ ሬዞሉሽን ርቀት ይጠይቃል። "መስመሩ አልተከፈለም፣ ስለዚህ ጓደኛ የለም" የሚለው የተሳሳተ ድምዳሜ የሚመጣው ከዚህ መምታታት ነው።

ስለ መሣሪያው ብዙ አልልም። ለደማቅ ኮከቦች 20 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ቴሌስኮፕ ይበቃል። ብርሃን የሚገባበት ጠባብ ስንጥቅ ያለው ስፔክትሮግራፍ፣ መስመሮቹ የታወቁ የኒዮን ወይም የቶሪየም አርጎን መብራት፣ ኮከቡን ስንጥቁ ላይ የሚጠብቅ ሁለተኛ ካሜራ፣ ሰዓቱ በትክክል የተስተካከለ ኮምፒውተር ያስፈልጋችኋል። መብራቱን አትዝለሉት። ያለ መብራት ይህ ሥራ የለም።

## ደረጃ 1፦ ኢላማ ምረጡ

ከማይታወቅ ኮከብ አትጀምሩ። መጀመሪያ መልሱ በሚታወቅ ኮከብ ራሳችሁን ፈትኑ።

1. ቤታ አውሪጌ። ሁለት ተመሳሳይ ኮከቦች በ3.96 ቀን ይዞራሉ። የእያንዳንዱ ፍጥነት ከመሃሉ ወደ ላይም ወደ ታችም በሰከንድ 110 ኪ.ሜ ያህል ይለዋወጣል። መስመሩ ለሁለት ሲከፈል በዓይን ይታያል።
2. ሚዛር ኤ። የዙር ጊዜው 20.54 ቀን ነው። ጥንድነቱ በስፔክትረም የታወቀው በ1889 ነው፤ በዚህ መንገድ የተገኘ የመጀመሪያው ጥንድ ኮከብ ነው። ምህዋሩ በጣም ሞላላ ስለሆነ ለልምምድ ጠቃሚ ነው።
3. ካስተር ቢ። የዙር ጊዜው 2.93 ቀን፣ የፍጥነቱ ግማሽ ስፋት (ከመሃሉ እስከ ጫፉ ያለው) በሰከንድ 32 ኪ.ሜ ያህል ነው። የጓደኛው መስመር አይታይም፤ የሚወዛወዘው አንድ መስመር ብቻ ነው። ይህን በትክክል ከለካችሁ ለአዲስ ፍለጋ ዝግጁ ናችሁ።

ከዚያ ወደ ራሳችሁ ኢላማ እለፉ። ሲምባድ የተባለውን የኮከቦች መረጃ ቋትና ዘጠነኛውን የስፔክትሮስኮፒ ጥንድ ኮከቦች ምህዋር ካታሎግ ፈትሹ። በ2022 የወጣውን ሦስተኛውን የጋይያ የጠፈር ቴሌስኮፕ መረጃም ተመልከቱ። እዚያ የኮከቡ አቀማመጥ ከነጠላ ኮከብ ስሌት ጋር አልገጥም ካለ ጥሩ ፍንጭ ነው።

ሌላ ፍንጭም አለ። የዙር ጊዜያቸው ከ3 ቀን በታች የሆነ ፀሐይ መሰል ጥንዶች ሲጠኑ 96 በመቶ ያህሉ ሦስተኛ ኮከብ እንዳላቸው በ2006 የወጣ ጥናት አሳይቷል። ስለዚህ አንድ ጠባብ ጥንድ ካገኛችሁ ፍለጋውን እዚያ አታቁሙ።

ማስጠንቀቂያ። የሥርዓቱ ሌላ አባል በቴሌስኮፕ ተለይቶ የሚታይ ከሆነ ብርሃኑ ወደ ስንጥቁ እንዳይገባ ተጠንቀቁ። ካስተር ኤ እና ካስተር ቢ በ5 እና በ6 አርክሰከንድ (የአንድ ዲግሪ 3,600ኛ) መካከል ነው የሚራራቁት። አንዱን ብቻ ስትፈልጉ ስንጥቁን ሁለቱን ከሚያገናኘው መስመር ጋር ቀጥ ባለ ማዕዘን አዙሩት። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ከፈለጋችሁ ግን ስንጥቁን በመስመሩ አቅጣጫ አድርጉና ስፔክትረሞቹን ጎን ለጎን ለይታችሁ አውጡ። አየሩ በጣም በሚናወጥበት ሌሊት ካስተርን ተዉት።

## ደረጃ 2፦ ሌሊቶቹን አከፋፍሉ

የዙር ጊዜውን አታውቁም። ስለዚህ በልኬቶቹ መካከል ያለው ጊዜ የተለያየ እንዲሆን ዕቅድ አውጡ።

1. በመጀመሪያው ሌሊት ሁለቴ ለኩ፤ አንዴ በምሽት፣ አንዴ ከመንጋቱ በፊት።
2. ለአንድ ሳምንት ሰማዩ በፈቀደ ቁጥር በየሌሊቱ ለኩ።
3. ከዚያ ክፍተቱን እያሰፋችሁ ሂዱ፤ ከ2 ቀን፣ ከ4፣ ከ8፣ ከ16 ቀን በኋላ።

ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት አትለኩ። ቤታ አውሪጌን ውሰዱ። ዙሩ 4 ቀን ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። በየሌሊቱ በተመሳሳይ ሰዓት ከለካችሁ የምታዩት አራት የዙሩን ቦታዎች ብቻ ነው። በየአራት ቀኑ የሚጨመርላችሁ የዙሩ 1 በመቶ ነው። አንድ ወር ሙሉ ሠርታችሁም የዙሩ አብዛኛው ክፍል ባዶ ይሆናል። የስፓይካ ዙርም 4.01 ቀን ስለሆነ እዚያው ወጥመድ ውስጥ ያስገባል።

## ደረጃ 3፦ ሌሊቱን በዚህ ቅደም ተከተል ሥሩ

1. ስፔክትሮግራፉ ከውጭው አየር ጋር እኩል እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ። ብረት ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ መስመሮቹም አብረው ይሄዳሉ።
2. የፍጥነት መመዘኛ ኮከብ ለኩ። አርክቱረስ ጥሩ ነው፤ ራዲያል ፍጥነቱ በሰከንድ 5 ኪ.ሜ ያህል ወደ እኛ ነው።
3. ወደ ኢላማው ዙሩ። ከዚህ በኋላ ካሜራውንም ፎከሱንም አትንኩ።
4. መብራቱን አብሩና አንሱ።
5. ኮከቡን አንሱ።
6. መብራቱን እንደገና አንሱ።
7. በሌሊቱ መጨረሻ የካሜራውን እንከን የሚያርሙትን ምስሎች አንሱ፦ ዳርክ (ብርሃን ሳይገባ)፣ ባያስ (በዜሮ ጊዜ) እና ፍላት (በእኩል ብርሃን)።

መብራት፣ ኮከብ፣ መብራት። ይህን ሰንሰለት አትበጥሱት። በሁለቱ የመብራት ምስሎች መካከል ያለው ልዩነት ኮከቡ በሚነሳበት ጊዜ መሣሪያው ምን ያህል እንደተንቀሳቀሰ ይነግራችኋል። ልዩነቱ በሰከንድ ከ2 ኪ.ሜ በላይ ከሆነ ኤክስፖዠሩን (ካሜራው ብርሃን የሚሰበስብበትን ጊዜ) ከፋፍሉና በየመሃሉ መብራት ጨምሩ።

የአንድ ኤክስፖዠር ርዝመት ከሚጠበቀው የዙር ጊዜ 5 በመቶ አይብለጥ። ካስተር ሲ ውስጥ ያሉት ሁለት ቀይ ድንክ ኮከቦች በ0.81 ቀን ይዞራሉ። እዚያ አንድ ሰዓት ሙሉ ከፍታችሁ ብትቆዩ መስመሩ ይደበዝዛል።

ኮከቡ ከስንጥቁ መሃል ከሸሸ ምን ይሆናል? ይህ ከሁሉም በላይ ሰው የሚያሳስት ቦታ ነው። መብራቱ ስንጥቁን እኩል ይሞላዋል። ኮከቡ ግን አንዱ ጎን ላይ ሊቀመጥ ይችላል። ስንጥቁ በሰከንድ 20 ኪ.ሜ ያህል ስፋት ካለው፣ ኮከቡ በሩብ ስንጥቅ ሲሸሽ በሰከንድ 5 ኪ.ሜ የውሸት ፍጥነት ይወለዳል። መብራቱ ይህን አያሳያችሁም፤ ካሊብሬሽኑ፣ ማለትም በመብራቱ የተደረገው የሞገድ ርዝመት ማስተካከያ፣ እንከን የሌለው ይመስላል። ስንጥቁን ከኮከቡ ምስል ትንሽ አጥብቡት፤ ብርሃን ብታጡም ሙሉውን ይሞላዋል። መጠበቂያ ካሜራው ላይም ዓይናችሁ ይኑር።

## ደረጃ 4፦ ስፔክትረሙን አጽዱና ዜሮውን ፈትሹ

ባያስና ዳርክ ቀንሱ፣ በፍላት አካፍሉ፣ ስፔክትረሙን አውጡ። አይሲስ ወይም ዴሜትራ የሚባሉት ፕሮግራሞች ይህን በሥርዓት ይሠሩታል።

ለሞገድ ርዝመት ካሊብሬሽን በሃይድሮጂን አልፋ አካባቢ የ6506.53፣ የ6532.88 እና የ6598.95 አንግስትሮም የኒዮን መስመሮችን ተጠቀሙ። ከመስመሮቹ ቁጥር ጋር የሚቀራረብ ደረጃ ያለው ፖሊኖሚያል አትምረጡ። በሦስት መስመር ላይ ሁለተኛ ደረጃ ካደረጋችሁ ስህተቱ ዜሮ ሆኖ ይታያል። ግን ምንም አላረጋገጣችሁም፤ ቀመሩ በግድ በሦስቱም ነጥቦች እንዲያልፍ ተደርጓል።

አሁን ወሳኙ ፍተሻ። የራሳችን አየር ውስጥ ያለው የውሃ ትነት የኮከቡ ስፔክትረም ላይ ቀጫጭን መስመሮች ያስቀምጣል። በ6543.91፣ በ6552.63 እና በ6572.07 አንግስትሮም ፈልጓቸው። እነዚህ መስመሮች ከኮከቡ ብርሃን ጋር በአንድ መንገድ ስለሚገቡ ኮከቡ ከስንጥቁ መሃል ቢሸሽ አብረው ይሸሻሉ። ቦታቸው ደግሞ የታወቀ ነው። ስለዚህ በሰከንድ 4 ኪ.ሜ ተንቀሳቅሰው ካገኛችኋቸው የኮከቡንም ልኬት በዚያው ልክ አርሙት።

አየሩ ደረቅ ሆኖ መስመሮቹ ከደበዘዙ ከ6867 አንግስትሮም ጀምሮ ያለውን የኦክስጅን ሰንሰለት ተጠቀሙ። ብዙ "ግኝቶች" የሚወድቁት እዚህ ፍተሻ ላይ ነው። እናንተ ራሳችሁ ብትጥሏቸው ሌላ ሰው ከሚጥላቸው ይሻላል።

## ደረጃ 5፦ የምድርን እንቅስቃሴ አስወግዱ

ምድር ፀሐይን በሰከንድ 30 ኪ.ሜ ያህል ትዞራለች። በራሷ ዛቢያ መዞሯም እስከ 0.5 ኪ.ሜ ይጨምራል። ይህን ካላስወገዳችሁ የኮከቡን ፍጥነት አታውቁም።

- የኤክስፖዠሩን መካከለኛ ሰዓት ውሰዱ፤ መጀመሪያውን አይደለም።
- የቦታችሁን ኬክሮስ፣ ኬንትሮስና ከፍታ አስገቡ።
- ማስተካከያውን አስትሮፓይ በተባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም አስሉ። ጊዜውንም ወደ ባሪሴንትሪክ ጁሊያን ቀን (ከፀሐይ ሥርዓት መሃል አንጻር ወደሚቆጠር ጊዜ) ቀይሩ።

ከተሳሳተ፦ ማስተካከያው ከተረሳ በአንድ ዓመት የሚደጋገም እስከ 30 ኪ.ሜ ግማሽ ስፋት ያለው ሞገድ ታያላችሁ። ምልክቱ ከተገለበጠ እስከ 60 ኪ.ሜ ይደርሳል። 365 ቀን የሚባል የዙር ጊዜ ሲወጣ መጀመሪያ ይህን ጠርጥሩ። ማስተካከያውን ፕሮግራሙ አንዴ፣ እናንተ ደግሞ ሌላ ጊዜ እንዳትጨምሩትም ተጠንቀቁ።

## ደረጃ 6፦ ፍጥነቱን ለኩ

ሃይድሮጂን አልፋ ጎልቶ ስለሚታይ ይስባል። በነጭ ኮከቦች ላይ ግን በጣም ሰፊ ስለሆነ ሁለት ኮከቦችን ውጦ ያስቀራል። ቀጭን መስመር ምረጡ።

- ለትኩስ ሰማያዊ ኮከቦች፦ ሂሊየም 6678።
- ለነጭ ኮከቦች፦ ማግኒዥየም 4481፣ ሲሊከን 6347 እና 6371።
- ለቢጫና ብርቱካናማ ኮከቦች፦ ካልሲየም 6122፣ 6162፣ 6439፣ በተጨማሪም የብረት መስመሮች።

ቤታ አውሪጌ ላይ በሲሊከን 6347 ሁለቱ መስመሮች በጣም ሲራራቁ 4.6 አንግስትሮም ያህል ይለያያሉ። ይህን ካላያችሁ ወይ ሌሊቱ አልገጠመም ወይ ፎከሱ ጠፍቷል።

ብዙ መስመር ያለው ስፔክትረም ካላችሁ ክሮስ ኮሪሌሽን ተጠቀሙ። የኮከቡን ስፔክትረም ከተመሳሳይ ዓይነት ናሙና ጋር እያንሸራተተ ያነጻጽራል። ሲገጥም ጉብታ ይወጣል። አንድ ኮከብ አንድ ጉብታ ይሰጣል፣ ሁለት ኮከብ ሁለት። የመቶ መስመሮችን ጉልበት ስለሚያሰባስብ በአንድ መስመር ላይ ጨርሶ የማይታይ ደካማ ጓደኛ ሊወጣ ይችላል።

ጉብታው ከአንድ ጎን ብቻ ካበጠ በአንድ ኩርባ አትለኩት። ሁለት ኩርባ አድርጋችሁ ግጠሙት። ሁለት መስመሮች ተቀራርበው ሲደባለቁ እርስ በርስ ይሳሳቡና ፍጥነቶቹ ከእውነቱ ያነሱ ሆነው ይወጣሉ። የተደባለቁ ሌሊቶችን በመጀመሪያው ስሌት ውስጥ አታስገቡ።

ጓደኛው ጨርሶ ካልታየ አትደንግጡ። የዋናውን ኮከብ ግማሽ መጠነ ቁስ ብቻ ያለው ኮከብ ከብርሃኑ አንድ አስረኛ ያህል ወይም ከዚያ በታች ነው የሚሰጠው። የዋናው መወዛወዝ ብቻውን ይበቃል።

## ደረጃ 7፦ ለውጡ እውነት ነው?

በሁለት ሌሊቶች መካከል ያለው ልዩነት ከሁለቱ የልኬት ስህተቶች ድምር ቢያንስ ሦስት እጥፍ ካልሆነ ዝም በሉ። ከሆነ ደግሞ ሦስተኛ ሌሊት ጨምሩ። ከዚያ እነዚህን ጠይቁ፦

1. በዚያው ሌሊት የመመዘኛው ኮከብ ፍጥነት ትክክል ነበር? ካልነበረ ሌሊቱን ጣሉት።
2. የተለያዩ መስመሮች አንድ ዓይነት ፍጥነት ይሰጣሉ? ጓደኛ ኮከብ ሁሉንም የዋናውን መስመሮች እኩል ያንቀሳቅሳል።
3. መስመሩ ሲንቀሳቀስ ቅርጹም ይጣመማል? ሁለተኛ መስመር ካልታየ መጣመሙ የሚርገበገብ ወይም ነጠብጣብ ያለበት ኮከብ ምልክት ነው።
4. የብርሃኑ መጠን በዚያው ጊዜ ይለዋወጣል? የቤታ ሴፌይ ዓይነት ኮከቦች በጥቂት ሰዓታት ይርገበገባሉ። ሁለት ትላልቅ ሰማያዊ ኮከቦች በ4 ሰዓት ሊዞሩ አይችሉም፤ ቦታ አይበቃቸውም።

## ደረጃ 8፦ የዙር ጊዜውን አግኙ

ቢያንስ ከ12 እስከ 15 ጥሩ ልኬት ሰብስቡ። የሎምብ ስካርግል ስሌት (ክፍተታቸው እኩል ካልሆነ ልኬቶች ውስጥ የሚደጋገም ዙር የሚፈልግ) ሥሩና ከፍ ያሉትን ጫፎች ሁሉ መዝግቡ። ከፍተኛውን ብቻ አትውሰዱ።

በየሌሊቱ የሚለካ ሰው የአንድ ቀን ጥላ ይከተለዋል። የቤታ አውሪጌ 3.96 ቀን በ0.80 እና በ1.34 ቀን ላይ የውሸት ጫፎች ይፈጥራል። ለመለየት በአንድ ሌሊት አምስት ሰዓት ልዩነት ያላቸው ሁለት ልኬቶች አድርጉ። አጭሩ ዙር ትክክል ከሆነ ፍጥነቱ በዚያ ጊዜ ብዙ ይቀየራል። ካልተቀየረ ረጅሙ ነው።

ሁለቱ ኮከቦች የሚመሳሰሉ ከሆነ ደግሞ የትኛው መስመር የማን እንደሆነ ይምታታል። ዙሩም በግማሽ ይወጣል፤ እዚህ 1.98 ቀን። በተከታታይ ሌሊቶች መስመሮቹን ተከተሉ፣ የጥልቀታቸውንም ትንሽ ልዩነት ተጠቀሙ።

## ደረጃ 9፦ ምህዋሩንና መጠነ ቁሱን አስሉ

ዙሩ ከጥቂት ቀናት በታች ከሆነ መጀመሪያ ክብ ምህዋር ግጠሙ። ሞላላነት ጨምሩ የሚል ግልጽ ማስረጃ ከሌለ አትጨምሩ።

ሁለቱም ኮከቦች ከታዩ፦ የሁለቱን ግማሽ ስፋቶች ደምሩ፣ ድምሩን በራሱ አባዙ፣ በጓደኛው ግማሽ ስፋት አባዙ፣ በዙሩ ቀናት አባዙ፣ በመጨረሻም በ0.00000010361 አባዙ። ለቤታ አውሪጌ በ108፣ በ111 እና በ3.96 ቀን ስታሰሉት የፀሐይን መጠነ ቁስ 2.18 እጥፍ ይወጣል። ለሌላው ኮከብ 2.13። እነዚህ ዝቅተኛ መጠኖች ናቸው፤ ምህዋሩ ያዘነበለበትን ማዕዘን ስፔክትረም አይነግረንም።

አንዱ ብቻ ከታየ፦ ግማሽ ስፋቱን ወደ 3 ኃይል አንሱ፣ ከዚያ በዙሩና በዚያው 0.00000010361 አባዙ። ለካስተር ቢ 0.00995 ይወጣል፤ ይህ የጓደኛው መጠነ ቁስ ወደ 3 ኃይል ተነስቶ በሁለቱ ድምር ካሬ ሲካፈል ቢያንስ የሚሰጠው ቁጥር ነው። ዋናው ኮከብ 1.8 ፀሐይ ያህል ነው ብንል የተደበቀው ጓደኛ ቢያንስ 0.36 ፀሐይ ነው። ማለትም ቀይ ድንክ ኮከብ። አንድም የብርሃን መስመሩን ሳናይ ምንነቱን አወቅን።

ምህዋሩ ሞላላ ከሆነ ሞላላነቱን በራሱ አባዝታችሁ ከ1 ቀንሱ፣ የቀረውን ወደ 1.5 ኃይል አንሱና ውጤቱን በዚያ አባዙት።

## ደረጃ 10፦ ሦስተኛውን ፈልጉ

ጥንዱ ተገኘ ማለት ሥርዓቱ አለቀ ማለት አይደለም። ሦስት ምልክቶችን ተከታተሉ።

ቦታውን የማይለቅ መስመር። ሁለት ጉብታዎች በተቃራኒ አቅጣጫ ሲሮጡ ሦስተኛው መሃል ላይ ቆሞ ይታያል። ይህ የሩቁ ኮከብ ነው። ካላወቃችሁት የሁለቱን ፍጥነት ወደ መሃል ይጎትታል፤ መጠነ ቁሶቹም አንሰው ይወጣሉ። ሦስት ኩርባ ግጠሙ።

የሚንሸራተት መሃል። የምህዋሩ መሃል ፍጥነት ባለፈው ዓመትና ዘንድሮ ከተለያየ ጥንዱ በአንድነት ሌላ ነገር እየዞረ ነው። አልጎል በ2.87 ቀን የሚዞር ጥንድ አለው፤ ሦስተኛው ኮከብ ደግሞ በ680 ቀን ገደማ። የአንድ ወቅት ልኬት ይህን ፈጽሞ አያሳይም። የተለያዩ ዓመታትን መረጃ አንድ ላይ አትፍጩ። ለየዓመቱ መሃሉን ለብቻ አውጡና አነጻጽሩ። የመመዘኛው ኮከብ ልኬት ዋጋው የሚታወቀው እዚህ ነው፤ እሱ ከሌለ ሦስተኛ ኮከብንና ያረጀ መሣሪያን መለየት አይቻልም።

የሌላው አባል መወዛወዝ። የሩቁንም አባል ለብቻው ለኩ። ሚዛር ቢ ከሚዛር ኤ 14 አርክሰከንድ ያህል ርቆ ይታያል። እሱም በ175.6 ቀን የሚዞር የተደበቀ ጓደኛ አለው። ጥንድ የሚመስለው ሥርዓት አራት ኮከብ ሆነ ማለት ነው።

ሦስተኛ ኮከብ አለ ከማለታችሁ በፊት የውጪው ዙር ከውስጠኛው ቢያንስ አምስት እጥፍ መሆኑን ፈትሹ። ከዚያ ካነሰ ሥርዓቱ አይረጋም፤ ስሌታችሁን እንደገና ተመልከቱ።

## መዝገቡን እንዴት ትይዛላችሁ

ለእያንዳንዱ ስፔክትረም የመካከለኛ ጊዜውን፣ የተለካውን ፍጥነት፣ የተደረገውን የምድር ማስተካከያ፣ የአየር መስመሮቹን ሽግሽግ፣ የመመዘኛውን ኮከብ ውጤትና የተጠቀማችሁባቸውን መስመሮች ጻፉ። ጥሬውን ምስል አታጥፉ። የጣላችኋቸውን ሌሊቶችም ለምን እንደጣላችኋቸው ጽፋችሁ አስቀምጡ። ውጤቱን ለሌላ ተመልካች ስትልኩ ኩርባውን ብቻ አትላኩ፤ ይህን ሰንጠረዥ አብራችሁ ላኩ፣ እሱም በራሱ መሣሪያ እናንተ ባልለካችሁበት የዙሩ ክፍል ላይ ይለካ።